ባለቤት ያጣው ሸሚዝ

ዲሪር ቦቴን የሚያውቅ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል። መዋሸት አይችልበትም፣ ነገርም ቶሎ አይገባውም። የውሃ ቦቴ እየነዳ ነው ያረጀው። ጅቡቲ ከተማ ጫፍ፣ ባልባላ ዳገት ላይ ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ሲጠብቁት ዘግይቶ ከደረሰ፣ ሌላው ሾፌር ጎማ ፈነዳብኝ፣ ፖሊስ ያዘኝ በሚልበት ቦታ ዲሪር "ተኝቼ ነው" ይላል። ይሰድቡታል፤ ቆሞ ይሰማል፤ ከዚያ ይቀዳላቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በሚስቱ ላይ ሌላ ሴት ደብቆ ያዘ ብላችሁ ብትነግሩኝ፣ ቀድሜ የምጠረጥረው የእናንተን ጤንነት ነው።

ያ ክረምት ግን ሁላችንንም አሳበደን። ክረምት ስል እናንተ ደጋ ላይ በዝናብ የምታሳልፉትን ወራት ነው፤ እነዚያው ወራት ጅቡቲ ላይ እሳት ናቸው። ሐምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ የበር እጀታ እጅ ያቃጥላል። አቅም ያለው ሁሉ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ አሊ ሳቢህ፣ ወደ አርታ፣ ያም ካልሆነ ወደ እኔው አገር ወደ ድሬዳዋ ይልካል። ከተማው ውስጥ ወንድ ብቻ ይቀራል። ወንድ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ድስት ያሳርራል፣ ቁልፍ ይጠፋበታል፣ ከቀትር በኋላ ጫቱን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል።

እኔ ቬንቲሌተር፣ የንፋስ ማራገቢያ ማለቴ ነው፣ ጠጋኝ ነኝ። በዚህ ሙያ ጅቡቲ ውስጥ የተራበ ሰው የለም። ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ሁልጊዜ አንድ ደህና የሚዞር ነገር ስለማይጠፋ በርጫው እዚያ ነው። ሰው ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቅና፣ ሸሚዙን ግድግዳው ላይ ካሉት ሚስማሮች ባንዱ ሰቅሎ፣ በሽርጥና በካናቴራ ትራስ ተደግፎ ይቀመጣል። ሱቄ የተቃጠለ ሽቦና የሞተር ዘይት ይሸታል። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ከሸሚዙ ጋር አፍንጫውንም ሰቅሎት ነው የሚቀመጠው።

ስለ ሸሚዙ በደንብ ልንገራችሁ፣ ጦሱ ሁሉ ከእሱ ነውና። ሙቀቱ ሲገባ አንድ ጣቃ ስስ ጥጥ በጋራ እንገዛለን፤ ነጭ ሆኖ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ብርሃን ፊት ሲይዙት ጣት የሚያሳይ። ሳሊም የሚባል የመናዊ ልብስ ሰፊ ይሰፋልናል። እጅጌው ከክርን በላይ የሚቀር፣ ኮሌታው አንገት የማያንቅ፣ ደረቱ ላይ አንድ ኪስ ያለው፣ ከሽርጥ በላይ ተለቅቆ የሚለበስ ሸሚዝ ነው። ለብሰውት የለበሱ አይመስልም። ሳሊም ሜትር አያወጣም፤ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አይቶ "ትልቅ" ወይም "ትንሽ" ይላል፣ በቃ። እኔ ትንሽ ነኝ። ዲሪር፣ ኢልሚና አደር ጌሌ ትልቅ ናቸው። በዚያ ዓመት ጣቃው የተቆረጠው ሴቶቹ ከከተማ ከወጡ በኋላ ስለነበር፣ አንዲቷም የባሏን አዲስ ሸሚዝ አላየችውም።

ኢልሚ የጉምሩክ ጸሐፊ ነው። ቅጽል ስሙ ራዲዮ ነው፤ ለምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። የዚህ አገር ሰው ስም ሲያወጣ አይምርም፤ አንዴ ከወጣብህ የልጅ ልጅህ በእሱ ይጠራል። ዲሪርን ቦቴ አሉት፣ እኔን ነፋስ ይሉኛል። ከመካከላችን ያለ ቅጽል ስም የሸመገለው አደር ጌሌ ብቻ ነበር። አደር አጎት ማለት ነው፤ እዚህ አንቱታ ስለሌለ ታላቅን የሚያከብሩት በዚህ ቃል ነው። ጌሌ ጎሳ ከጎሳ ሲጣላ ተጠርቶ የሚያስታርቅ፣ አፉን ሲከፍት ሰው ጫቱን ማላመጥ የሚያቆምለት ሽማግሌ ነው። ሚስቱ አርዶ ባለፈው ዓመት ሞታበታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ወሬው አጠረ። በሩ ጥግ ይቀመጣል፣ ቀድሞ ይሄዳል።

አንድ ሐሙስ፣ ምርቃናው ጣራ በነካበት የማምሻ ሰዓት፣ መብራት ጠፋ። ቬንቲሌተሩ ዝም ሲል ክፍሏ ምድጃ ሆነች። ሁሉም ተነስቶ በደብዛዛው ውስጥ እጁ የገባለትን ሸሚዝ መዝዞ ወጣ። ሦስት ትልቅ ሸሚዝ ነበር፤ ሦስት ትልቅ ሰው ለብሶት ሄደ። ማን ምን ብሎ ይጠርጥር?

ዲሪር ሲደርስ የቤቱ በር ተከፍቷል። ሚስቱ ሆዳን ጥርሷን አሟት፣ ልጆቹን ወንድሟ ቤት ትታ ከአሊ ሳቢህ መጥታለች። ጉንጯ አብጧል፤ ያም ሆኖ የግመል ወተት ይዛለታለች። ደስ ብሎት ሰላም ሊላት ሲጠጋ፣ መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ አቆመችው። የታመመው ጥርሷ እንጂ አፍንጫዋ አልነበረም።

"ማነው ያጠነልህ?" አለችው።

"ምኑን?"

"ሸሚዝህን።"

ዲሪር ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አየ። ለጥያቄው መልስ የሚሆን ነገር ግን አላየበትም። "የዘንድሮው ሸሚዜ ነው" አላት።

እዚህ አገር ሴት የቤቷን ኡንሲ ራሷ ነው የምታበስለው። እጣኑን ከስኳርና ከሽቶ ጋር አንፍራ፣ ሲረጋ ሰባብራ በብልቃጥ ታስቀምጣለች፤ ምን ምን እንደምትቀላቅልበት ለእህቷም አትናገርም። የባሏን ሸሚዝ ከሰል ላይ አጥና ስታለብሰው፣ ይሄ ሰው ቤት አለው ብላ ለአገር መናገሯ ነው። ሚስቱ ከከተማ የወጣች ሰው ሸሚዙ የሚሸተው ሳሙናና ላብ ብቻ ነው። ዲሪር ግን ሐሙስ ማታ፣ ሚስቱ በሌለችበት፣ የሌላ ቤት ኡንሲ እየሸተተ መጣ። ሸሚዙን አውልቆ እሱም አሸተተው። ለእሱ ሸሚዝ ሸሚዝ ነው የሸተተው።

ግራ ገብቶት ቆሞ ቆሞ፣ በርጫው ላይ ተቀያይሮብኝ ይሆናል አላት። ከማን ጋር ስትለው፣ ወይ ከኢልሚ ወይ ከአደር ጌሌ አለ። ሆዳን ፍርድ ቤት ብትቀመጥ ማንም አያመልጣትም ነበር። አደር ጌሌ ሚስት የለውም፤ የኢልሚ ሚስት ደግሞ አሊ ሳቢህ ከእሷው ጋር ናት፣ ትናንት አብረው ልብስ ሲያጥቡ ውለዋል። ታዲያ ማን አጠነው? ይባስ ብላ አንድ ነገር ጨመረችለት።

"የማውቃት ሴት ናት። ይሄን ጭስ አውቀዋለሁ፣ የሆነ ጊዜ ቤቷ ገብቻለሁ" አለችው።

ጠዋት ተነስታ ሸሚዙን አጠበችው። የሌላ ሴት ጭስ ቤቴ አያድርም ብላ ፈትጋ፣ አለቅልቃ፣ መልሳ በሳሙና ዘፍዝፋ፣ ከዚያ ተኩሳ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ለዲሪርም ቁርጡን ነገረችው። ጥርሷ እስኪነቀል ከተማ ትቆያለች። እስከዚያ የሸሚዙ ባለቤት መጥቶ በሯ ላይ ቆሞ "የኔ ነው" ካላለ፣ እሷም ልጆቹም ከአሊ ሳቢህ አይመለሱም፤ ትምህርት ቤትም እዚያው ይገባሉ። ነገሩን ወንድሞቿ ይጨርሱታል። ሆዳን ደግሞ የምታስፈራራ ሴት አይደለችም፤ የምታደርገውን ነው የምትናገረው።

ዲሪር በማግስቱ እኔ ዘንድ ሲመጣ ጫት እንኳ አልያዘም። ሳይቀመጥ መሐል ቆሞ ሁሉንም ነገር እንደሆነው ተረከልን። ልጆቼን ሊወስዱብኝ ነው ሲል ድምፁ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ሳቅ ሊመጣብኝ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ኢልሚ ግን ሳቀ።

"እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም፣ ዋሪያ" አለው። "ንገረን በቃ፣ የት ደበቅካት?"

ዲሪር የማይጮህ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ጮኸ። ሸሚዙ የአንተ ነው፣ ሴቲቱም የአንተ ናት፣ ውጣና ለሚስቴ ንገራት አለው። እውነት ለመናገር እኛም በልባችን የፈረድነው በኢልሚ ላይ ነበር፤ ሽቶ የሚወድ፣ መስተዋት የማያልፍ ሰው ነው። እሱ ግን ብድግ ብሎ፣ ሸሚዙ የኔ ከሆነ ሚስቴ ትፈታ ብሎ ማለ። ይህ እዚህ አገር በዋዛ የሚወጣ መሐላ አይደለም። ኢልሚ ወሬ ያበዛል እንጂ በሚስቱ አይጫወትም። ዲሪር ዓይኑ ፈጥጦ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛው ግን እያደር ደፈረሰ። አንዱ ሳሊም ቤት ሲሰፋ የሳሊም ሚስት አጥናው ይሆናል አለ። ሄደን ስንጠይቀው ሳሊም መቀሱን ይዞ አባረረን። እኔ ራሴ የመኪናው ወንበር ነው የሚሸተው ብዬ ቦቴው ውስጥ ገብቼ አሸተትኩ፤ ናፍጣ ነው። ኢልሚ ጂኒ ነው አለ። ዲሪር ከመጨነቁ ብዛት፣ ምናልባት ሳላውቀው አግብቼ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀኝ፤ እየቀለደ አልነበረም። እኔም ለመመለስ ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ፣ ያን ያህል ነው የተምታታብን። በዚህ ሁሉ መሐል አደር ጌሌ በሩ ጥግ ተቀምጦ ቅጠሉን ይቀነጥሳል።

የሆዳን ጥርስ ሊነቀል አንድ ቀን ሲቀረው ኢልሚ መላ አመጣ። አንድ ሰው ሄዶ ይዋሽ አለ። እሱ አይሆንም፤ ሚስቱ ዜናውን ከምሳ በፊት ትሰማለች። እኔ አልሆንም፤ ያ ሸሚዝ እኔ ላይ ጉልበቴ ድረስ ይመጣል፣ ሆዳን ሳቅ ብላ በሩን ትዘጋብኛለች። ሚስት የሌለው ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። ሁላችንም ወደ በሩ ጥግ ዞርን።

"አደር፣ አንተ የምትፈራው ሚስት የለህም" አለው ኢልሚ። "የኔ ነው በልላት። ከባሕሩ ማዶ አንዲት የታጁራ ሴት አግብቼ እሷ አጠነችልኝ በል። ማን ይከስሃል?"

ጌሌ የያዘውን ቅጠል አፉ ጋ አድርሶ መለሰው። "በዚህ ዕድሜዬ እንድዋሽ ነው የምትለምኑኝ?"

ዲሪር ከቦታው ተነሳ። ሄዶ እግሩ ሥር ተቀመጠ፣ እንደ ልጅ። ሽማግሌው አየው። ከዚያ ሽርጡን አጥብቆ ተነሳና ነገ ከአስር ሰላት በኋላ እንሄዳለን አለ። ሸሚዙን ከሚስማሩ አውርዶ ሲለብስ ቁልፉን አዛንፎ ቆለፈው፤ ከውሸቱ ፍርሃት ነው ብዬ አዘንኩለት።

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን፤ ጌሌ፣ ዲሪርና እኔ። ኢልሚ አብሬ ካልሄድኩ ብሎ ነበር፣ ጌሌ ግን ከልክሎ አስቀረው። ሆዳን ጥርሷን አስነቅላ፣ ጉንጯን በሻሽ አስራ፣ ሻንጣዋን በሩ ጋ አቁማለች። ሽማግሌውን ስታይ ሻሿን አስተካከለችና እንዲገባ ጋበዘችው። እሱ ግን ደፉ ላይ ቆመ፤ በሩ ላይ ቆሞ ይናገር ያለችው እሷ ነበረች።

"ሸሚዙ የኔ ነው፣ ልጄ" አላት።

ሆዳን ከእሱ ወደ ዲሪር፣ ከዲሪር ወደ እኔ ዓይኗን አዞረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "አደር፣ አንተንም ማዋሸት ጀመሩ?"

"አላዋሹኝም።"

"እንግዲያው ማን አጠነው?"

ዲሪር የታጁራዋን ሴት ሊያስታውሰው ጎኑን ነካ አደረገው። ጌሌ የዲሪርን እጅ ገፋ።

"እኔ" አለ። "በገዛ እጄ።"

ወንድ ልጅ ማጨሻ ፊት ቁጢጥ ብሎ ልብስ ሲያጥን እዚህ አገር ማንም አይቶ አያውቅም። ሽማግሌው ግን ቀስ እያለ ነገራት። አርዶ ሳትታመም ያበሰለችው አንድ ብልቃጥ ኡንሲ ቀርቶ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ከሰል አቀጣጥሎ፣ እሷ ስታደርግ እንዳየው ሸሚዙን ጭሱ ላይ ይዘረጋል። መጀመሪያ ላይ ጣቱን አቃጠለ፣ አንድ እጅጌ አነደደ፣ በኋላ ለመደው። ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ ነው ያቆየው። ያን ሐሙስ የብልቃጡን ጥራጊ አጨሰ። መብራት ጠፍቶ ሸሚዙ ሲቀየር እዚያው መንገድ ላይ አውቆታል፤ የለበሰው አልሸተተውም። በርጫው ላይ እንዳይጠይቅ ግን ራዲዮው ኢልሚ አለ። "አርዶም ቅጽል ስም ሳይወጣላት ነው የሞተችው። በኔ የተነሳ ሰው በስሟ እንዲስቅ አልፈለግኩም" አላት። "ዛሬ ግን የእናንተ ቤት ሊፈርስ ሆነ።"

ሆዳን ደፉ ላይ ቁጭ አለች። "የሠርጌ ቀን ያጠነችኝ እሷ ናት" አለች ለራሷ። "አውቀዋለሁ አላልኩህም፣ ዲሪር? አውቀዋለሁ አላልኩህም?"

"ብለሽኛል" አለ ዲሪር። ፊቱ ላይ እንደሚታየው ገና አልገባውም ነበር።

"እንግዲህ ሸሚዜን ስጪኝ፣ ልጄ" አለ ጌሌ። "ሌላ የለኝም። ብልቃጡ አልቋል።"

ያን ጊዜ የሆዳንን ፊት አለማየት በተሻለኝ። ተነስታ ገባች፤ የሳጥኑ ቁልፍ ሲዞር ሰማን። ሸሚዙን አጣጥፋ በሁለት እጇ ይዛ መጣች፤ ነጭ፣ የተተኮሰ፣ ስፌቱ የቀጠነ። ጌሌ ተቀብሎ አፍንጫው ላይ አደረገው። ኮሌታውን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ከዚያ ኪሱን።

"እጅሽ ይባረክ" አላት በመጨረሻ። "ንጹሕ ነው።"

የለበሰውን የዲሪርን ሸሚዝ አውልቆ፣ የታጠበውን ለብሶ፣ የዲሪርን ለሆዳን ዘረጋላት። ሆዳን ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ እያለቀሰች ነበር፤ ተቀበለችው። ከዚያ ድንገት ማልቀሷን አቆመችና ሸሚዙን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

"የት ነበር የምትሰቅለው?" አለችው።

"የአርዶ ልብስ ሳጥን ላይ ነው የማኖረው።"

"እንግዲያው ጭሷ ገብቶበታል። ይሄኛውን ውሰድ፣ ያንን አውልቅ። አታጥበው፣ አደር።"

ጌሌ ሸሚዙን ተቀበለ እንጂ አላመነም። ራሱ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ፣ ከዚያ ዓይኑ እንደማያይ ሰው ዓይን ሆነና ለእኔ አቀበለኝ። እኔ አሸተትኩት። የሱቄ የሞተር ዘይትና የሽማግሌ ላብ ነው፤ ሌላ ነገር ቢኖርበት አፍንጫዬ አላገኘውም። ምን እንደምል ጨንቆኝ ለዲሪር ሰጠሁት። ዲሪር በሁለት እጁ ያዘው፤ ጊዜ ወስዶ አሸተተ። ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ ሽማግሌው አየ።

"ይሸታል፣ አደር" አለ። "በደንብ ይሸታል።"

ጌሌ ያን ሰው ያውቀዋል፤ ተኝቼ ነው የሚለውን ሰው። ሸሚዙን ተቀብሎ ለበሰው፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ሰላም ብሎን ወጣ። ዲሪር በእርግጥ ሸትቶት ይሁን ወይስ በዕድሜው አንዴ ዋሽቶ፣ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለመጠየቅም አልደፈርኩም። ሆዳን ግን ሻንጣዋን ከበሩ ጋ አነሳች፤ አሊ ሳቢህ ሄዳ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ልጆቹን ይዛ ቤቷ ተመለሰች።

ለኢልሚ ማናችንም ምንም አልነገርነውም። እሱ ነገሩ በውሸት እንዳለቀ ነው የሚያውቀው፤ አደር ጌሌ በዚያ ጢሙ የታጁራ ሚስት ፈጥሮ ሆዳንን አሳመናት ብሎ ጉምሩክ ላይ፣ ወደብ ላይ፣ ገበያ ላይ አወራው። ከወሩ መጨረሻ በፊት ያ ስም ሳይወጣለት የሸመገለ ሰው ስም ወጣለት። ጌሌ ዋሾ ይሉታል። ለዕርቅ ሲጠራ እንኳ ዋሾን ጥሩት ነው የሚባለው። መጀመሪያ የሰማ ዕለት እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

አሁንም ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ በሩ ጥግ ይቀመጣል። ሸሚዙን ግን ሚስማር ላይ አይሰቅልም። አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል፤ መብራት ሲጠፋ እጁን ያስቀምጥበታል።